የደኅናው ዓይን ፎቶ

ሞላሌ ጤና ጣቢያ የዓይን መመርመሪያ ካሜራችንን በተከልን ማግስት ቄስ አትናቴዎስ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ስኳር ካለባቸው ቆይቷል። የእኔ ሥራ በብሌን በኩል የዓይንን የውስጥ ግድግዳና እዚያ ላይ የተዘረጉትን የደም ሥሮች ፎቶ ማንሳት ነው። ስኳር እነዚያን ሥሮች ሲያበላሽ ሰውየውን አያመውም፤ ስለማያመውም አይመጣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነዚህ ሕመምተኞች ግን የሚደብቁትንም አያውቁም። ይህ ዘወትር ያናድደኛል።

ቄሱ ገና ሳይቀመጡ ውል አበጁ። «ቀኙን ብቻ ነው የምታነሺው። እሱ ከደከመ ሰነባብቷል። ግራው ደኅና ነው፤ እንዳትነኪብኝ።»

«ሁለቱንም ነው የምናነሳው፣ አባ።»

«የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ እኔ ነኝ። ዛሬም እቀድሳለሁ። ጠብታችሁ ዓይን ያደበዝዛል አሉ፤ በምኔ ላነብ ነው?»

ዐቢይ ጾም ነበር፤ ቅዳሴው የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በሩ ሥር ቆመው «እንዳሉት ይሁን ልጄ፤ እዚህም የመጡልኝ በስንት ልመና ነው» አሉ። እኔም ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ብቻ አደረግሁ።

ጥቂት ቆይተው ዋጥ አደረጉና ፊታቸው ተለወጠ።

«ጉሮሮዬ ገባ። ይመራል።»

«ከዓይን በአፍንጫ በኩል ይወርዳል። ጉዳት የለውም» አልኳቸው።

«ጉዳቱን አይደለም። ጾሜን ገደፍሁ። ከእንግዲህ ዛሬ መቅደስ አልገባም።»

«መድኃኒት እኮ ነው፣ አንቱ» አሉ ባለቤታቸው።

«መድኃኒትም ቢሆን ለቅዳሴ የዋጠ ዋጠ ነው።»

ጠብታዋ ከእንባ አትበልጥም። እኔ ብሆን ምራቄን ነው ብዬ ዝም እል ነበር። እሳቸው ግን ስልካቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው ቁጥር ፈለጉና ለደብር ባልደረባቸው ለቄስ ባስልዮስ ደወሉ፤ የዛሬውን እንዲቀድሱላቸው ለመኑ። አፍረው ነበር። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ከተገደፈ ወዲያ ምን ቀረ። ግራውንም አንሺው።»

ግራው ላይም ጠብታ አድርጌ ሁለቱንም አነሳሁ። ቀኙ እንደጠበቅሁት ነበር፤ ጠባሳ ብቻ፣ የሚመለስ ነገር የለውም። ያስደነገጠኝ ግራው ነው። ቀጫጭን አዳዲስ ሥሮች እንደ ሐረግ ተጠላልፈው በቅለዋል። እነዚህ ሲበጠሱ ዓይን በደም ይሞላል። ሐኪማችን ፎቶውን አይቶ በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ሄደው በሌዘር ጨረር ካልታከሙ ግራውም እንደሚጠፋ ነገራቸው።

«ሰሞኔ ይውጣና እሄዳለሁ» አሉ ቄሱ።

«ዓይንዎ ሰሞን አይጠብቅም» አልኳቸው። ተቆጥቼ ነበር። «ቀኙንም ሲጠብቁት ነው የሄደው።»

ቄሱ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና በቀኙ ክፍሉን ቃኙ። ወደ እኔ ዞሩ፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ወለተ ኢየሱስ፣ የት ነሽ?»

«ፊትዎ ነው የቆምሁት።»

ቄሱ እጃቸውን ሳያወርዱ «ያ ጨረርም ጉሮሮ ይወርዳል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጨረሩ አይወርድም። ጠብታው ግን እዚያም አይቀርም።»

«እንግዲያስ እሄዳለሁ፤ ሳምንቱን ባስልዮስ ይያዝልኝ» አሉና ስልኩን አውጥተው እንዲደውሉ ለባለቤታቸው ሰጧቸው። ጠብታው አደብዝዞት አሁን በግራቸውም ቁጥሩ አልታያቸውም።