ሳትደግም አትንካ

ከዋርሳዬ ጋር መነጋገር ካቆምን ሦስት ሳምንት ሆኖን ነበር። የተኳረፉ ሰዎች ሥራቸው ልብስ መስፋት ቢሆን ግድ የለም፤ ተኳርፎም ይሰፋል። የእኛ ሥራ ግን ሊፍት መጠገን ነው። እኔ ሊፍቱ በሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ፣ የሊፍቱ ጣሪያ ላይ እቆማለሁ፤ እሱ ሕንፃው አናት ላይ ካለችው የሞተር ክፍል ሆኖ ሊፍቱን ያንቀሳቅሰዋል። እሱ እኔን አያየኝም፣ እኔም አላየውም። በመካከላችን ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ያኮረፍነው ድምፅን ነበር።

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ ነበር የምለው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ብቻ ሳይሆን ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ቀን መፍቻ ከማስጨበጡ በፊት አንድ ሕግ አስጨበጠኝ፦ ሳትደግም አትንካ። ከታች ያለው «አንድ ክንድ አውርድ» ካለ፣ ከላይ ያለው ማብሪያውን ከመንካቱ በፊት «አንድ ክንድ አውርድ ብለሃል» ይላል። ከታች «ልክ ነው» ሲባል ብቻ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። ልክ ካልሆነ «አይደለም» ይባልና እንደገና ይጀመራል። እሱን ያስተማረው ሰው ሦስት ጣት ጎድሎት ነበር፤ ሦስቱንም የበላቻቸው «ገብቶኛል» የምትል ቃል ናት እያለ ያወራ ነበር አሉ።

ያጣላን የቆዳ ፋብሪካው ነው። ከተማውን ሁሉ ያጣላው እሱ ነው። ፋብሪካው ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ ይለቃል፤ በመጪው እሑድ ነዋሪው ተሰብስቦ ይዘጋ አይዘጋ ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ስም የለውም፤ ወይ ይዘጋ ነው ወይ አይዘጋ። ፀጉር አስተካካዬ አይዘጋ መሆኑን የሰማሁት ግማሽ ጭንቅላቴን ከላጨኝ በኋላ ነበር። ተነስቼ ወጣሁና ሌላውን ግማሽ ሌላ ቤት አስጨረስኩ።

እኔ ይዘጋ ነኝ። እሱ አይዘጋ ነው። አማቴ ቤት፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ሆድ አደር!» አልኩት። የፋብሪካውን ዕቃ ማንሻ ሊፍት የምንጠግነው እኛ ነን፤ ለዚህ ነው አይዘጋ የሚለው አልኩ። ያችው ሥራ የእኔንም ሆድ እንደምትሞላ ትዝ አላለኝም፤ የተናደደ ሰው የራሱ ሆድ አይታየውም። እሱም «አንተ በሰው ጉሮሮ ላይ ቆመህ ነው የምትጮኸው» አለኝ። አማቴ ማልቀስ ጀመሩ። ቤት ስንገባ ለሚስቴ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽን በምንም ነገር አላምነውም» አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። ሥራውን መተው አንችልም፣ መነጋገርም አንፈልግም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ፤ የእኔ ዘዴ ነው፣ አልክድም። ሊፍቱ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ በመፍቻ አንድ ጊዜ ከመታሁ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ከመታሁ ወደ ታች፣ ደጋግሜ ካንኳኳሁ ቁም። ወረቀት ላይ ጻፍኩና በሰው እጅ ላክሁለት። መድገም የለም፣ ልክ ነው የለም። በደንብ ሠራንበት። እንዲያውም «ከወንድምሽ ምላስ ጆሮው ይሻላል» ብዬ ለሚስቴ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ሐሙስ ጠዋት ባለ ዘጠኝ ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ላይ ነበርን። ቢሮዎቹ ገና አልተከፈቱም፤ ሕንፃው ውስጥ ከእኛ ሌላ ያሉት ከታች በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ናቸው። ሊፍቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ቆሟል። እኔ ጣሪያው ላይ ተንበርክኬ፣ ሐዲዱን ከግድግዳ ጋር የያዘውን ብሎን ልፈታ እታገላለሁ። ግራ እጄን ከማያዣው ብረት ሥር አሳልፌ ብሎኑን ከጀርባው ይዤዋለሁ። ብሎኑ ዝጎ ግግም አለ። እኔም ትዕግሥት ሲታደል ያልነበርኩ ሰው ነኝ። መፍቻውን ገለበጥኩና ነረትኩት።

አንድ ጊዜ።

ሊፍቱ ወደ ላይ ተነሳ። እጄን መንጨቅ ስጀምር የጃኬቴ እጅጌ ተሰካ። ከላይ ማያዣው ብረት፣ ከታች የሊፍቱ ጠርዝ፣ በመካከል ክንዴ። «ቁም! ቁም!» የሚለው ሰው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ጉሮሮዬን ሲያቃጥለኝ ነው። ፍሬኑ ጓ ብሎ ያዘ። ከላይ አንድ ነገር ተንጣጣና መብራቱ ድርግም አለ። የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝ። የሞተር ክፍሉ ወለል ከጭንቅላቴ በላይ ሁለት ስንዝር አይሞላም፤ ገመዶቹ ከሚያልፉበት ቀዳዳ ቀጭን ብርሃን ይወርዳል።

«አለህ?» አለ በቀዳዳው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«አለሁ። እጄ ተይዟል።»

«እጅህ ተይዟል ብለሃል።»

«ልክ ነው» አልኩ። ምላሴ ሕጉን አልረሳውም።

ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ሊፍቱን በእጅ ማውረድ ነው ያለው። ባዶ ሊፍት ደግሞ በገመዱ ሌላ ጫፍ ከተንጠለጠለው የብረት ክብደት ይቀላል፤ ፍሬኑ ከተለቀቀ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አንድ ሰው ፍሬኑን ሲለቅ ሌላው የሞተሩን መዘውር አንቆ መያዝና ወደ ታች ማዞር አለበት። እሱ አንድ ሰው ነው። መዘውሩ ካመለጠው ክንዴ ይሄዳል፤ ከክንዴ ቀጥሎ ጭንቅላቴ ነው።

ወደ ሕንፃው ጣሪያ ጫፍ ሮጦ ለዘበኛው ሲጮህ ሰማሁት። ተመልሶ «እየወጡ ነው» አለኝ።

«ጉልበታቸው አይሠራም እኮ!»

«አውቃለሁ። ቀስ እያሉ ይወጣሉ።»

ክንዴ መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ቀጥሎ ደነዘዘ። መደንዘዙ ከማቃጠሉ ይልቅ አስፈራኝ። ፍርሃት ደግሞ እኔ ዘንድ ሲመጣ ሁልጊዜ የንዴት ልብስ ለብሶ ነው።

«ሆን ብለህ ነው ያነሳኸው» አልኩት።

ከላይ ጫማው ሲንፏቀቅ ሰማሁ። የሄደ መሰለኝ።

«ሆን ብዬ ነው ያነሳሁት ብለሃል» አለ። «ልክ ነው?»

ሕጉ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። ያልኩት ነገር በእሱ አፍ ተመልሶ ሲመጣ ሰቀጠጠኝ። አማቴ ቤት ሆድ አደር ስለው ማንም እንዲህ መልሶ አላሰማኝም፤ አጨበጨቡልኝ ወይም ሰደቡኝ እንጂ።

«አይደለም» አልኩ። «ብሎኑን መታሁት። አንዴ።»

«ብሎኑን አንዴ መታኸው።»

«ልክ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «አውራ» አለኝ። «ዝም ካልክ ራስህን የሳትክ ይመስለኛል።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግከውን። ስለ ፋብሪካውም ቢሆን።»

ለማውራት አልፈለግኩም ነበር። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመው ነገር ራሱ ወጣ። «ልጄ ወንዝ ዳር ስትጫወት ውላ እጇ ተላጠ። ሽንኩርት እንደሚላጥ ነው የተላጠው። ማታውኑ ደወልኩልህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

«አላስታውስም።»

«ሳሙና ቀይሩላት አልከኝ። ከዚያ ስለ አንድ የተበላሸ ሞተር ማውራት ቀጠልክ።»

ቀስ ብሎ ደገመው። «እጇ ተላጠ። ደወልክልኝ። ሳሙና ቀይሩላት አልኩህ። ከዚያ ስለ ሞተር አወራሁ።» ድምፁ ወደ ቀዳዳው ቀረበ። «ከወንዙ መሆኑን አልነገርከኝም።»

«አልጠየቅከኝም!»

«አልጠየቅኩህም» አለ።

«ልክ ነው» አልኩ። እንባዬ መጣ፤ የማብስበት እጅ ግን አልነበረኝም፤ ቀኙ ሊፍቱን ሙጥኝ ብሏል።

«አሁን ያንተ ተራ ነው» አለኝ። «እኔ ለምን አይዘጋ እንደምል ድገምልኝ።»

ቀላል መሰለኝ። «ሥራ ስለሚሰጠን ነው።»

«አይደለም።»

«ወንዙ ንጹሕ ነው ትላለህ።»

«አይደለም። አንድ ቀን ብዬ አላውቅም።»

ሦስተኛውን ፈለግኩ። ጭንቅላቴን ብበረብር የማገኘው እኔ ስለ እሱ የተናገርኩትን ብቻ ነው፤ እሱ ከተናገረው አንዲት ቃል የለችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስከራከር የነበረው ከራሴ ጋር ኖሯል። አፈርኩ።

«አላውቀውም» አልኩ።

«አባታችን ክር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን ጠዋት ሲሄድ በሩ በሰንሰለት ታስሮ አገኘው። ባለቤቶቹ ማሽኑን ነቅለው ጭነው ጠፍተዋል። የቀለሙ ጉድጓድ ግን እዚያው ቀረ፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ሰፈር ይፈሳል። ማን ይጠየቅ? የሚጠየቅ ሰው የለም። አባቴ ሁለት ዓመት ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ሚስትህ ሕፃን ነበረች፣ አታውቅም። ሳያጸዱ ዘግተው እንዳይሄዱ ነው እኔ አይዘጋ የምለው።»

«አባትህ ሥራ ስላጣ ነው…»

«አይደለም።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «በሩ ከተዘጋ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። መጀመሪያ ያጽዱ ነው የምትለው። አባትህ ደግሞ… አባትህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።»

«ልክ ነው» አለ።

አሳመነኝ ማለቴ አይደለም። «እስኪያጸዱ ልጄ የቱን ወንዝ ትንካ?» አልኩት። እሱንም ደገመው።

ዘበኛው ደረሱ። ትንፋሻቸው ከእሳቸው ቀድሞ ገባ። «ዘጠኝ ፎቅ!» አሉ። «እናንተ ስትጣሉ የእኔ ጉልበት ምን አጠፋ?»

«አባባ፣ ይህን እጀታ ይያዙልኝ። ፍሬኑ ነው። እሱ ከታች ሳይል፣ እኔ ሳልደግም፣ እርስዎ አይንኩት።»

«ገብቶኛል።»

«የለም አባባ፣ ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ደገሙ። በዚያ ሁሉ መሀል ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

«ስማ» አለኝ ጋሼ። «ፍሬኑ ሲለቀቅ መጀመሪያ ወደ ላይ ሊገፋህ ይችላል። እይዘዋለሁ። ካመለጠኝ ግን…»

«ካመለጠህ ወደ ላይ ነኝ።»

«ልክ ነው።»

ቀና ብዬ ከጭንቅላቴ በላይ ያለውን ሲሚንቶ አየሁት። በምንም አላምነውም ያልኩት ሰው እጅ ላይ ነኝ። ሌላ ሰው ቢጠራልኝስ ብዬ አሰብኩ፤ ማንን? እንደኔ ይዘጋ የሚሉትን ጓደኞቼን በዓይነ ኅሊናዬ አሰለፍኳቸው። አንዱም ያልኩትን ሳይደግም አይነካም ብዬ የምምልለት አልነበረም።

«ልቀቅ ጋሼ» አልኩ።

«ልቀቅ ብለሃል።»

«ልክ ነው።»

ፍሬኑ ተላቀቀ። ሊፍቱ ወደ ላይ ገፋኝ፤ ጣት የማታህል፤ ግን ክንዴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጮህ ተሰማኝ፣ እኔም ጮህኩ። ከላይ ጋሼ አቃሰተ፤ ከዚያ ቆመ። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ሊፍቱ ወረደ። እጄ እቅፌ ውስጥ ወደቀች።

የፎቁን በር ከፍተው ጎትተው አወጡኝ። ክንዴ ከክርን በታች ጠቁሯል፣ ግን ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የጋሼን መዳፍ አየሁት፤ መዘውሩ ቆዳውን ገሽልጦታል። ዘበኛው ውኃ ሊያመጡልን፣ ያንኑ ዘጠኝ ፎቅ እየረገሙ ወረዱ።

«እሑድ ያው አይዘጋ ነኝ» አለኝ።

«እኔም ያው ይዘጋ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። የተላጠ መዳፉን ገልብጦ አየው፣ መልሶ አየው።

«የትኛው እጇ ነው?» አለ።

«የማን?»

«የልጅቷ።»

«ቀኙ» አልኩ።

«ቀኙ ነው ብለሃል።»

ልክ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። ሕጉን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሳልመልስለት አይነሳም። ተቀምጦ ጠበቀኝ።