የኹርሲ አምባር

ሀዎ አምባሩን ከጉያዋ አውጥታ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠች። ወርቅ ሠሪው ዐብዲራዛቅ አነሳው። ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ አገላበጠው። ኮሮና ከገባ ወዲህ የድሬዳዋን የቀፊራ ገበያ ሴቶች ጌጥ ሲያገላብጥ ነው የሚውለው።

"ይኼም ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው፣ አዴር" አለችው እንደ አጎት አክብራ።

ዋሸች። የእሷማ ወርቅ ካለቀ ቆየ። የጅቡቲ ድንበር ተዘግቶ የምትሸጠው ልብስ መምጣት ሲያቆም መጀመሪያ የሄደው ቴሌቪዥኑ ነው። ቀጥሎ ፍሪጁ ሄደ፤ በዚህ ሙቀት ፍሪጅ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ የኒካዋ ወርቅ ወጣ። ባሏ ጉሌድ በኪራይ ባጃጅ አንድ አንድ ሰው ብቻ እየጫነ ውሎ የሚያመጣው ለባለቤቱ እንኳ አይበቃም። የቤት አከራያቸው ደግሞ ዛሬ ካልከፈላችሁ ልቀቁ ብሏል።

አምባሩ የጎረቤቷ የኹርሲ ነው። በሽታው ይዟት አምቡላንስ ደጇ ሲቆም በሻሽ ጠቅልላ በአጥር ላይ ሰጠቻት። "አማና ነው፣ ሀዎ፣ አደራሽን። ለኢስታር ሰርግ ያስቀመጥኩት ነው፤ ልጄ ራሷ አታውቅም። ከአላህ በቀር የምናውቀው እኔና አንቺ ነን" አለቻት።

ሀዎ የሰው አማና በልታ አታውቅም። ጉሌድ ከሻንጣው ስር አግኝቶት ትናንት እንሽጠው ብሎ ሲለምናት፣ አቦ ተወኝ ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። ጠዋት ግን ልጆቿ ባዶ ሻይ ጠጥተው ሲነሱ አየችና አልቻለችም። ለመያዣ ብቻ ነው፣ ድንበሩ ሲከፈት አስመልሰዋለሁ፣ ኹርሲ ድና ስትወጣ ቦታው ላይ ታገኘዋለች እያለች ራሷን ስታባብል ነው እዚህ የደረሰችው።

ዐብዲራዛቅ መዘነ። ለመያዣ ከሆነ የዋጋውን ሩብ ብቻ እንደሚሰጣት፣ ከሸጠችው ግን የዓመት ኪራይ እንደሚወጣው ነገራት። የተሸጠ ወርቅ ደግሞ እሱ ዘንድ አያድርም፤ ያው ዛሬውኑ ይቀልጣል። ሀዎ ለመያዣ ነው ልትል ስትል ስልኳ ጮኸ። ኢስታር ነበረች፤ ሀዎን እንደ አክስቷ ኤዶ ነው የምትላት።

"ኤዶ ሀዎ፣ እናቴ..." ልጅቷን ለቅሶ አቋረጣት። "ሌሊት ትንፋሽ አጠራት። ኦክስጅን ላይ ናት። ሐኪሙ ተዘጋጁ አለን። ዱዓ አድርጊላት፣ ካንቺ ሌላ ማን አለን?"

"አላህ ያሽራት፣ ልጄ። አይዞሽ፣ ማታ እመጣለሁ።"

የወረደው እንባዋ የእውነት ነበር። ኹርሲን እንደ እህቷ ነው የምትወዳት። ስልኩን ዘግታ ፊቷን በሻሿ ጠረገች፤ ከዚያ ዓይኗ አምባሩ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

"በሽተኛ አለሽ እንዴ?" አላት ዐብዲራዛቅ።

"ጎረቤቴ ናት።"

"አላህ ይማራት። ታዲያ ይኼን ለመያዣ ልጻፈው?"

"አይ" አለች ሀዎ። "ይቅለጥ።"