ወለላ ለየኔታ የነገረችው

ወለላ የመጣችው ከእስራኤል ነው። ወላጆቿ ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ መንደር ማረሻና ሸክላ ሲሠሩ ኖረው የሄዱ ናቸው፤ እሷ የተወለደችው እዚያው እስራኤል ነው። አስተማሪ ናት። ተማሪን ምን እንደሚያበረታው ልታጠና ቁስቋም እኛ ጉባኤ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀመጠች።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ዜማ መማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ድጓን ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኛል፤ የኔታ ሐብተ ማርያም ካልመሰከሩልኝ ግን የትም ደብር አልቀጠርም። ሰው ፊት መናገር አልወድም። እሷ ግን የምትጠይቀው እኔን ነበር።

«ህሩይ፣ ተነሥ፣ እጮኛህ መጣች!» ይለኛል አብሮኝ የሚማረው ጌትነት፤ ሌሎቹ ይስቃሉ።

አንድ ቀን ከቁስቋም ግንብ ፍርስራሽ ሥር ተቀምጠን፣ «የኔታ አመስግነውህ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ምነው? የኔታ ያርማሉ እንጂ አያመሰግኑም።»

«አልተመኘህም?»

ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግሁ። እሷም ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። እንዲህ የጠበቀኝ ሰው የለም።

«አንዳንዴ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሸጋ ነው ቢሉኝ እላለሁ። ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«ከእኔና ካንተ አይወጣም» አለች።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ተማሪው ሁሉ ባለበት ተነሥታ ቆመች። «የኔታ፣ ህሩይ እንዲያመሰግኑት ይመኛል። እኛ ዘንድ ያልተመሰገነ ተማሪ ይደክመዋል። እሱ አፍሮ ስለማይነግርዎት ነው» አለች። ወደ እኔ ዞራም ፈገግ አለች።

የኔታ ወደ እሷ ዞሩ። «ደግ አደረግሽ፤ እኔ አላወቅሁም ነበር» አሉ።

በማግስቱ ተራዬ ደርሶ ማዜም ጀመርኩ። ከፍ ማድረግ የሚገባኝን ዝቅ አደረግሁት። ራሴም ሰማሁት። እንደ ልማዳቸው «ተመለስ!» ብለው እስኪያስደግሙኝ ቆምኩ።

«ቀጥል» አሉ።

ሌላ ቦታም ሳትኩ። ስጨርስ፣ «ሸጋ ነው፣ ልጄ። በቃህ» አሉኝ። ወለላ ከኋላ አጨበጨበች።

ከእኔ ቀጥሎ ጌትነት ገባ። እኔ የሳትኩበት ላይ ሳተ። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «ተመለስ! ይኸን ሁሉ ዓመት በምን ጆሮህ ስትሰማ ኖርህ?»

ወጣሁ። ወለላ ተከተለችኝ። «ደስ አለህ?»

«የኔታ የማያርሙት ተስፋ የቆረጡበትን ነው። ምነው ነገርሽብኝ?»

«ግን እኮ ራስህ ነህ ያልከው» አለች። የምሯን ነበር።

ከውስጥ የኔታ ጌትነትን ለአራተኛ ጊዜ ሲመልሱት ይሰማል።