ጨዋ ማንቂያ

ጢጥ፤ ጢጥ፤ ጢጥ።

ድምፁ የሚመጣው ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከግድግዳ ጀርባ ነበር። መስፈርት ጻፊዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ አዳመጠች። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው ይሮጣል ብላ ጠበቀች። የሮጠ አልነበረም። ሁለት ጫኝና አውራጆች በካርቶን የተሞላ ጋሪ እየገፉ፣ ትናንት ስለገባው ጎል እየተጨቃጨቁ አለፏት። የጽዳት ሠራተኛዋም ወለሉን መወልወሏን አላቋረጠችም።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለቻት።

«የቱ?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ቤቱ የመድኃኒት መጋዘን ነው። የሚጮኸው ደግሞ ክትባት የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ሲሞቅ እንዲናገር ከብዙ ዓመት በፊት የተሰቀለ ማንቂያ ነው። መሥሪያ ቤቱ እሱን አንስቶ በአዲስ ፕሮግራም ሊተካው ቆርጧል፤ መስፈርት ጻፊዋም የመጣችው ለዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ከመሠራቱ በፊት ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ሰዎቹን ጠይቃ፣ አጣርታ ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። እናቷ ይህን ሥራ ለጎረቤት ማስረዳት ሲያቅታት፣ «ሰው ላልተወለደ ልጅ ስም ያወጣል፤ የኔዋ ጠባይ ታወጣለች» ትላለች። ባልደረቦቿ ደግሞ ከአፏ በማይጠፋው ቃል «እሜቴ ለምን» ብለው ሰይመዋታል።

የቀዝቃዛውን ክፍል በር ገፋ አድርጋ ገባች።

«በር» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ።

ዘወር ብላ ዘጋችው። ከመደርደሪያዎቹ መሃል ጉልበታቸውን ያለፈ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ክፍል የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ውጭው ቢነድም ካፖርታቸው አይወልቅም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ጋሽ ካፖርት ይላቸዋል። ያን ያህል ዓመት ለገባም ለወጣም የሚሉት የመጀመሪያ ቃል «በር» ነው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«ደህና ነሽ ልጄ? ብርዱን ትችይዋለሽ?»

«እችለዋለሁ ጋሼ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል፤ አፍንጫው እስኪቀላ።»

ካርቶን ላይ ተቀምጣ አምስት ካርዶች ዘረጋችላቸው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፤ ፍጥነት፣ ትክክለኛነት፣ ተጠያቂነት፣ ደኅንነት፣ ቀላልነት። ስድስተኛው ባዶ ነው፤ የራሱ ቃል ላለው ሰው። ጊዜው ሦስት ወር መሆኑን፣ በሦስት ወር በደንብ የሚሠሩት ከፊት የተቀመጡት ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን፣ የቀሩት ለከርሞ እንደሚያድሩ አስረዳቻቸው። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ ጋሼ፤ ሁሉም ያስፈልጋል እንዳይሉኝ።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ከሳቸው በፊት መርጣ ነበር። ፍጥነትን አንደኛ፣ ተጠያቂነትን ሁለተኛ አድርጋለች። ሙቀቱ ክትባቱ የሚችለውን ስምንት ዲግሪ ባለፈ በአምስት ሴኮንድ ይጩኽ፤ ጩኸቱን ያጠፋው ሰው ደግሞ በስም ይመዝገብ።

ጋሽ ካፖርት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። አምስቱን ካርዶች በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉና ባዶውን አንስተው በትልልቅ ፊደል አንድ ቃል ጻፉበት፤ ጨዋ።

«ጨዋ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ጨዋ አታውቂም? ማን አሳደገሽ ታዲያ?»

«አውቃለሁ፤ ግን ለፕሮግራም ሲሆን በቁጥር መለካት አለበት።»

«ጨዋነት በሜትር ነው በኪሎ?» አሉና ሳቁ። ወዲያው የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ዕቃ ሊጫን ስለሆነ ካርዱን እጇ ላይ ትተውላት ወጡ።

ቢሮዋ ስትመለስ ለፕሮግራመሩ አሳየችው። የማይስቅበት ነገር የሌለ፣ ግን ሥራ አዋቂ ሰው ነው።

«ግልጽ ነው እኮ» አለ። «ጨዋ ልጅ ድምፁ አይሰማም። ሽማግሌው ጩኸቱ አሰልችቷቸዋል። ድምፅ መቀነሻ እንሠራላቸዋለን፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም።»

እሷም ሌላ ስላልታያት እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ጨዋ፦ የማንቂያው ድምፅ ለስላሳ፣ ከሰው ንግግር የማይበልጥ ይሆናል።» ስድስተኛም አድርጋ አስቀመጠችው።

በማግስቱ አነበበችላቸው። ጋሽ ካፖርት እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይሄን ነው ያልኩሽ?»

«መስሎኝ ነበር…»

«ልጄ፣ እኔ መጮኹ መች አስቀየመኝ? መዋሸቱ ነው።»

አውራ ጣታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እንደ ሌላ ሰው ጣት ተመለከቱት።

«አምና አንድ ቀን፣ ብዙ ዕቃ የሚወጣበት ቀን ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር የውጭ አየር ይገባል፤ እሱም ይጮሃል። አሥራ አንዴ ጮኸ። አሥራ አንዴም ሄጄ አየሁ፤ በር ነው። በአሥራ ሁለተኛው በዚህ ጣቴ አጠፋሁት። አሥራ ሁለተኛው እውነት ነበር፤ ሞተሩ ቆሟል። አራት ሺህ ልጅ የሚከተብበት መድኃኒት ተጣለ።»

ጣታቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

«ኃላፊዋ ማስጠንቀቂያ ጻፈችልኝ። ፋይሌ ውስጥ አለ። ሁለተኛ ከመጣ መሰናበት ነው። ጡረታዬ ስምንት ወር ቀርቶታል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜ ተባሮ ሄደ ልባል ነው ማለት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እኔ ግን እሱን እንኳ ትቼዋለሁ። በአምስት ሴኮንድ የሚጮህ ካመጣችሁ፣ ከኔ በኋላ እዚህ የምትቆመዋም ልጅ እንደኔው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ትለምዳለች። አንድ ቀን እውነት ይሆንና የሷ ስም ተመዝግቦ ይገኛል።»

መስፈርት ጻፊዋ የዚያን ቀን ቢሮዋ አልተመለሰችም። ተጨማሪ ካፖርት ተውሳ እስከ ምሳ ሰዓት ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። ማንቂያው በጮኸ ቁጥር ማስታወሻዋ ላይ አንድ ጭረት ታሰምራለች። አሥራ ስድስት ጭረት ሆነ። አሥራ ስድስቱም በር ናቸው።

ሌላም ያየችው ነገር ነበር። ጋሽ ካፖርት ማንቂያው ሲጮኽ ከበሩ አጠገብ የተሰቀለውን መለኪያ ቀና ብለው አያዩም። የሚሄዱት ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ነው። ከካርቶኖቹ መሃል አንድ የሽሮፕ ጠርሙስ ያወጣሉ፤ ውሃ የሞላበት፣ በክዳኑ ቀዳዳ ቴርሞሜትር የተሰካበት። ያዩታል፤ ይመልሱታል። አንድ ጊዜ የበሩ መለኪያ አሥራ ሦስት ዲግሪ ሲል ጠርሙሱ አራት ተኩል ይል ነበር።

«ለምን?» አለች።

«ክትባቱ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ነዋ። አየር አይደለም። አየር ወሬኛ ነው፤ በሩ ገርበብ ሲል የሰማውን ይዞ ይበራል። ውሃ ግን ጨዋ ነው። ቢነግሩትም ቶሎ አያምንም። ካመነ ደግሞ አይደብቅሽም።»

ማታ ካርዶቿን ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ አየቻቸው። አምስቱ ቃላት ብዙ እጅ እንዳለፈባቸው ሳንቲሞች ልሙጥ ናቸው፤ በየሥራው ይዛቸው ስትዞር በነሱ ምክንያት ማን አንድ ጊዜ እንኳ ተጎድቶ እንደሚያውቅ ጠይቃ አታውቅም። ስድስተኛው ብቻ የሰው አውራ ጣት ያለበት ይመስላል። ልጅ ሳለች አክስቷ ስለ አንዲት ጎረቤታቸው «ጨዋ ናት» ስትል ትዝ አላት። ሴትዮዋ ዝምተኛ አልነበረችም። ግን ለወሬ ቤት ለቤት አትዞርም፤ የመጣች ቀን ቁም ነገር ነው ብሎ ሁሉም የያዘውን አስቀምጦ ይነሣል። ይህን እያወቀች እንዴት ድምፅ መቀነሻ ብላ ጻፈችው? የቃሉን ትርጉም አጥታው ሳይሆን፣ ለማሽን ሲሆን ሌላ ትርጉም አለው ብላ ነው።

የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና ጀመረች።

«ጨዋ፦ ማንቂያው የሚያዳምጠው አየሩን ሳይሆን ጠርሙሱን ነው። ከመቶ ጩኸት ከአምስት በላይ ሐሰት ከሆነ ጨዋ አይባልም። ጠርሙሱ ስምንትን ካለፈ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ አንድ ሰው ቢያጠፋው ሌላ ሰው ይጠራል። መለኪያው ቢበላሽበት ‹አላውቅም› ይላል እንጂ አይገምትም።»

አንደኛ አድርጋ አስቀመጠችው። ቀላልነትን ሁለተኛ አደረገች፤ ካፖርት ለብሶ፣ ጓንት አጥልቆ የሚያነብ ሰው አለና። ፍጥነት ወደ አራተኛ ወረደ።

ፕሮግራመሩ ጠዋት ሲያነበው አልሳቀም። «እኔ ብሆን ይሄን ትክክለኛነትና አስተማማኝነት ብዬ ለሁለት እከፍለው ነበር» አለ።

«ለሥራህ ክፈለው። ስሙን ብቻ አትቀይርበት።»

ከሰዓት በኋላ በኃላፊዋ ቢሮ ተሰበሰቡ፤ መስፈርት ጻፊዋ፣ ፕሮግራመሩ፣ ኃላፊዋና ጋሽ ካፖርት። ክፍሉ ፀሐይ የሚገባበት፣ የሚሞቅ ክፍል ነው። ጋሽ ካፖርት እንደ ልማዳቸው ካፖርታቸውን አላወለቁም። ሲቀመጡ የሽሮፑን ጠርሙስ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው መሃል አኖሩት። አራት ዲግሪ ይላል።

ኃላፊዋ ቀጭን፣ ንግግሯ የተመጠነ ሴት ናት። ሰነዱን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ጨዋ» አለች። «እንዲህ ብዬ ለበላይ ልላከው?»

«ከሥሩ ቁጥሮቹ አሉ» አለች መስፈርት ጻፊዋ።

«ቁጥሮቹን አይቻለሁ። ፍጥነት ለምን አራተኛ ሆነ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል እኮ» አሉ ጋሽ ካፖርት ቀስ ብለው።

«እኛ አምና ያፈሰስነው ቸኩለን አይደለም ጋሼ። ዘግይተን ነው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። መስፈርት ጻፊዋ ማስታወሻዋን ገልጣ ጭረቶቹን አሳየች። «ትናንት ግማሽ ቀን ብቻ አሥራ ስድስት ጊዜ ጮኋል። አንዱም እውነት አልነበረም። በአምስት ሴኮንድ የሚናገር ነገር ለማጣራት ጊዜ የለውም። ፍጥነትና እውነት እዚህ ቤት አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ አንዱን ማስነሣት አለብን። አምናም የዘገየው ማንቂያው አልነበረም፤ በጊዜው ጮኋል። የሚያምነው ሰው ነው የጠፋው።»

«ይሄ ጠርሙስ እስኪነቃ ክትባቱ ቢበላሽስ?»

«አብረው ነው የሚሞቁት» አሉ ጋሽ ካፖርት። «እሱ ስምንት ሲል ክትባቱም ገና ስምንት ነው። ይኸው፣ እያዩት ነው።»

ሁሉም ወደ ጠርሙሱ ዞሩ። ስድስት ብሏል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቢቀጥልም የሁሉም ዓይን እየተሰረቀ ወደዚያው ይሄድ ነበር። ኃላፊዋ ስለ በላይ አካል ተናገረች፤ ፕሮግራመሩ ጠርሙሱ ውስጥ መለኪያ መክተት ቀላል እንደሆነ አስረዳ፤ መሃል ላይ ንግግሩን ቆረጠና «ስምንት» አለ። ሰዓቱን አየ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ። እዚህ ምጣድ የመሰለ ክፍል ውስጥ እንኳ።»



«እሺ» አለች ኃላፊዋ። የሰነዱን የመጨረሻ ገጽ ገለጠች። ግርጌው ላይ «ይህን ቅደም ተከተል ያጸደቀና ኃላፊነት የሚወስድ» የሚል ባዶ መስመር አለ። «አንድ ቀን አንድ ነገር ይበላሻል። ያን ጊዜ ‹አጣርቶ ይናገር፣ አይቸኩል› ያለው ማነው ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ ላይ የማን ስም ይግባ?»

«የኔ» አለች መስፈርት ጻፊዋ።

«አንቺ የውጭ ሰው ነሽ። አይሆንም።»

ጋሽ ካፖርት እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶውን ከፊቷ አነሡ። መነጽራቸውን ፈለጉ፤ አጡት፤ ተዉት። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን በዚያው አውራ ጣታቸው ወደ ኃላፊዋ ገፋ አደረጉት።

ያ ስም ሁለተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጠራ እንደሚችል እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የመጀመሪያውን የፈረመችው ደግሞ ይህችው ወረቀቱ ፊት የተቀመጠችው ሴት ናት።

ጢጥ፤ ጢጥ፤ ጢጥ።

ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከግድግዳው ጀርባ መጣ። ማንም አልተነቃነቀም። ኃላፊዋ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ እስኪያበቃ። ስንት ዓመት በዚህ ቢሮ ስትሠራ እንዲህ ስታዳምጠው የታየች አይመስልም። ዓይኗ ጽሑፉ ላይ አልነበረም፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ገና ያልተነሣው አውራ ጣት ላይ ነበር።

እስክሪብቶውን አነሣች። የጋሽ ካፖርትን ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘችው። ከጎኑ የራሷን ጻፈች፤ ፈረመች። ቀኑን አስገባች።

«እንዴ፣ እመቤት…» አሉ ጋሽ ካፖርት።

ማንንም አላየችም። ወረቀቱን ለመስፈርት ጻፊዋ አቀበለች፣ ከወንበሯ ተነሣች፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

በሩን አልዘጋችውም። ጋሽ ካፖርት ተከፍቶ የቀረውን በር ቆየት ብለው ተመለከቱት፤ «በር» አላሉም።