ያልተላከው ፈተና

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ፈታኟ» ነው የሚሏት። መንግሥት የቀጠራት የሀገሩን የስልክ ክፍያ ከሌባ እንድትጠብቅ ነው። የምትጠብቀው ደግሞ የራሷን ባልደረቦች በማታለል ነበር። ሌባ የሚልከውን የሚመስል የሐሰት መልእክት ትጽፍና ትልክላቸዋለች፤ ሊንኩን ነክቶ የተሸወደ ሰው ሰኞ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ይቆማል። ሰው ካላፈረ አይማርም ባይ ናት። እውነቱን ለመናገር፣ ሲቆሙ ማየቱም ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው ወር አዲስ ዘዴ አመጣች። መልእክቷን ከላከች በኋላ ወደ ክፍያ መቆጣጠሪያው ክፍል ወረደችና እውነተኛ ሌባ እንደገባ፣ የነካ ሰው ቢነግራት ማንንም እንደማታስነሳ ተናገረች። ያመናት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እዚያው ክፍል የምትሠራው ታናሽ እህቷ። ሰኞ ዕለት አስነሳቻት። «እኔ ዘንድ ዘመድ የለም» ብላ ስታስነሳት ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት እያደሩ በእናታቸው በኩል ካልሆነ አይነጋገሩም።

ዛሬ ጠዋት የዳይሬክተሩ ጸሐፊ መተላለፊያው ላይ አግኝታት ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። የዛሬው ፈተና ከሁሉም እንደሚበልጥ፣ የዳይሬክተሩን አነጋገር ሳይቀር አስመስላ እንደጻፈችው፣ ራሷ ጸሐፊዋም ሊንኩን ከመንካት ለጥቂት እንዳመለጠች እየሳቀች ነገረቻት። ፈታኟ አብራት ልትስቅ አፏን ከፈተችና እንደተከፈተ ቀረ። ዛሬ ምንም አልላከችም።

ወንበሯ ላይ ደርሳ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ከመቆጣጠሪያው ክፍል የክፍያ መረጃ ወደማታውቀው ቦታ እየወጣ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ የቤቱን ጓዳ እንደሚያውቅ ሰው። እዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ስለሚገናኙ የትኛው እንደተነካ አይለይም። እያንዳንዱ ደግሞ የአንድ አካባቢ ክፍያ ይዟል፤ የሆስፒታሉን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የታክሲውን። ዳይሬክተሩ ሲሰማ ላብ በላብ ሆነ። ሁሉንም ዘግተን የሀገሩን ክፍያ ካቆምን የሌባውን ሥራ እኛው ሠራንለት ማለት ነው አላት፤ እርግጠኛ ሆና አንዱን ብቻ እንድትዘጋ ፈቀደላት።

ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

«ስሙኝ፤ ይሄኛው የእኔ አይደለም» አለች። «የነካ ሰው ይንገረኝ። ማንንም አላስነሳም። እናቴ ትሙት።»

ፈገግ አሉ። አንዱ እጁን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተደላደለ፤ ሌላው «አንዴ አይተነዋል፣ ይበቃናል» አላት። ምን ያድርጉ፣ ያስተማረቻቸው እሷው ናት። ለመነቻቸው። በለመነች ቁጥር ትወናዋን አደነቁላት፤ እንባዋ ሲመጣ ያጨበጨበም ነበር።

እህቷ ብቻ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራ ተቀምጣለች። ልጆች ሆነው ብርጭቆ ስትሰብር እንዲህ ነበር የምትቀመጠው። ፈታኟ ጠጋ አለቻት።

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ግዴለም፣ ንገሪኝ የኔ እህት።»

«ባለፈውም እንዲሁ ነው ያልሽኝ። እኔ አልነካሁም።»

አላመነቻትም። ጎንበስ ብላ የሆስፒታሉን ክፍያ የያዘውን የእህቷን ኮምፒውተር ገመድ ነቀለች። ስክሪኑ ጨለመ። ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ፤ ፈታኟ ለፈተና ብላ ገመድ ነቅላ አታውቅም።

የያዘችውን ታብሌት አየች። መረጃው አሁንም ይወጣል። እንዲያውም ፈጥኗል።

ቀና ስትል የሁሉም ፊት አመድ መስሏል። ከመካከላቸው አንዱ እሱ እንደነካው ያውቃል፤ አሁን ግን እንዴት ብሎ ይናገር? አዲሱ ዐዋጅ እንዲህ ያለውን ጥፋት የደበቀ ሰው ይታሰራል ይላል፤ በሩ ላይ የለጠፈችላቸውም ራሷ ናት። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየች ዞረች። ቀና ብሎ የሚያያት አጣች።

እህቷ ከጠቆረው ስክሪን ፊት አልተነሳችም።

«እኔ ብሆን እነግርሽ ነበር» አለቻት ቀስ ብላ። «ባለፈውም የነገርኩሽ እኔ ብቻ ነኝ።»

ከሆስፒታሉ የሚደወልበት ስልክ መጥራት ጀመረ። የሚያነሳው ሰው አልነበረም።