የዊልማ ጓዳ

ዊልማ ጌዴስ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቂም የያዘችው በአንዲት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳዋ ኪንክሬግ በምትባለው የስኮትላንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ባሕሩ ዳር በተዘረጋው የጎልፍ ሜዳ፣ የሰባተኛውን ቀዳዳ ከሚያመለክተው ባንዲራ አጠገብ ተተክላ ነበር። «የዊልማ ጓዳ» ይል ነበር ጽሑፏ። ከሥሯ ሰውን እስከ ትከሻው የሚውጥ፣ ፊቱ በሣር ጡብ እንደ ግድግዳ የተካበ የአሸዋ ጉድጓድ ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊልማ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኸር ውድድር ስትጫወት ኳሷ እዚያ ጉድጓድ ገባ። መታችው፤ ግድግዳው መለሰው። ደግማ መታችው፤ ተመልሶ እግሯ ሥር ተኛ። በአሥራ አንደኛው ምት ስትወጣ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሻያቸውን ከፔርሙስ ቀድተው ጠጥተው ጨርሰው ነበር። የባሏ እህት ሞራግ ከላይ ቆማ፣ «ዊልማ፣ ድስቱን ጣድሽ እንዴ? መጋረጃ ልላክልሽ?» አለቻት።

ሣቁ እዚያው ቢቀር ደግ ነበር። ሞራግ ግን በሳምንቱ ሰሌዳ አስቀርጻ ተከለች። በዚያ አገር የአሸዋ ጉድጓድ ሁሉ ስም አለው፤ ከሞተ መቶ ዓመት ባለፈው ሰው የሚጠራም ሞልቷል። ዊልማ ግን በቁሟ ነው የተቀበረችው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ስሙ አልበዛባትም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ኳሷ ጓዳውን ሳይሳለም ያለፈበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ዊልማ በዓሣ ማጨሻው ቤት ሠላሳ ዓመት ሐዶክ የሚባለውን ዓሣ ስትሰነጥቅ የኖረች ሴት ናት። ቢላዋ ስትይዝ እጇ ዓይን አለው። የጎልፍ ዱላ ስትይዝ ግን ያው እጅ ምን እንደሚነካው እሷም አታውቅም። ምክር የሚሰጣት አልጠፋም ነበር፤ ምክር የሚገባበት በር ነው የጠፋው። ትምህርቷንም በልጅነቷ የተወችው እንዲሁ ነው፤ መምህሩ «እንዲህ አድርጊ» ሲላት «በምን ዕዳዬ!» እያለች።

በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በጸደይ፣ ሞራግ የሴቶቹ ሊቀ መንበር ሆነችና፣ በሜዳው መግቢያ ላይ ትልቅ ካርታ እንደሚሳል፣ የጉድጓዶቹም ስም በቀለም እንደሚጻፍበት አስታወቀች።

«የኔም?» አለች ዊልማ።

«ካንቺ የበለጠ ዝነኛ ማን አለን?»

«ሞራግ፣ እኔ እኮ ሰው ነኝ።»

«እሺ። በመኸሩ ውድድር ከዚያ ጉድጓድ በአንድ ምት ውጪ፤ ሰሌዳውን በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ፣ ካርታውም ላይ አይጻፍም። ካልወጣሽ ግን እስከ ልጅ ልጅ ይጠሩሻል።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ዊልማ በማግስቱ ሽማግሌው ዱጋል ዘንድ ሄደች። ዱጋል የሜዳው ተራ አስከባሪ ናቸው፤ ቁም ሣጥን በምታህል የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀምጠው የተጫዋቾቹን ስም በየተራ ይጠራሉ።

«ያስተምሩኝ» አለቻቸው፣ ዕዳ እንደሚያስከፍል ሰው ቆጣ ብላ።

«አሥራ አራት ዓመት ጠበቅኩሽ እኮ፣ ዶሮዬ» አሉ፣ በአገሩ የቁልምጫ ቃል። «በይ ስሚ። አሸዋ ውስጥ ስትሆኚ ኳሱን አትምቺ። ከኋላው ያለውን አሸዋ ምቺ፤ አሸዋው ራሱ ተሸክሞ ያወጣልሻል።»

«ኳሱን ትቼ አሸዋውን? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ!»

«ሁለተኛው ደግሞ፣ ኳሱ ግድግዳው ሥር ከተወሸቀ ዞረሽ ወደ ኋላ ምቺ።»

«ወደ ኋላስ አልመታም። ባንዲራው ያለው ወደ ፊት ነው።»

«ግድግዳው ይህን አልሰማም» አሉ ዱጋል፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዊልማ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ወደ አሸዋው ወረደች። በዱላው ጫፍ መስመር ታሰምራለች፤ ያለ ኳስ መስመሩን ብቻ ትመታለች። የመጀመሪያው ወር ውጤት በጆሮዋ፣ በጥርሷና በጡት መያዣዋ ውስጥ የተገኘ አሸዋ ነበር። የባሕር ወፎቹ ትል የምትቆፍርላቸው መስሏቸው ዙሪያዋን ከበቧት። አንድ ውሻውን የሚያናፍስ ሰውዬም ቆም ብሎ፣ «ለማጥመጃ የሚሆን ትል ተገኘ?» አላት።

«ገና ነው» አለችው። የልቧን ከመንገር ይሻላል።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ሥራ ቦታ ሐዶክ እየሰነጠቀች ሳለ እጇ ቀጥ አለ። ቢላዋዋ አጥንቱን አልመታም፤ ከአጥንቱ ሥር ሾልኮ ነው ያለፈው። ሽርጧን ሳታወልቅ ወደ ባሕሩ ሮጠች። ዱላውን እንደዚያ፣ ከኳሱ ሥር ሾልኮ እንዲያልፍ ሰደደችው። ኳሱ ከአሸዋው ላይ እንደ ላባ ተነሥቶ እንደ ላባ አረፈ።

«ይቺን ለማወቅ አሥራ አራት ዓመት!» አለች ጮክ ብላ። «ያረድኩት ዓሣ ሁሉ ሲስቅብኝ ኖሯል።»

የውድድሩ ቀን ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚመጣው። የሚቀር ግን የለም፤ በዚያ አገር ዝናብ ፈርቶ የቀረ ሰው ሲሞትም ይነሣበታል። ለአሸናፊዋ እንደ ወጉ አንዲት ትንሽ የብር ማንኪያ ተዘጋጅታለች። ከመንደሩ ሴቶች ማንኪያ የሌላት ዊልማ ብቻ ናት፤ ሞራግ ስድስት አላት። ያን ቀን ግን ዊልማ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ አብራት የምትጫወተውን ሞራግን በሁለት ምት አንሳ ትመራት ነበር፤ ሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል።

ወደ ሰባተኛው ባንዲራ መታች። ኳሱ በነፋሱ ላይ ተንሳፈፈ፤ ጓዳውን በላዩ ዘለለና ከባንዲራው ሦስት እርምጃ ርቆ ልሙጡ ሣር ላይ ቁጭ አለ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ምት መትታ አታውቅም። ልታለቅስ ቃጣት፤ በደስታ ግን አልነበረም።

«ጎበዝ!» አለች ሞራግ። «ዛሬስ ቤትሽን ሳትረግጪ አለፍሽ። ታዲያ ውላችን መውጣት ነበር። ያልገባ ደግሞ አይወጣም። ሰሌዳው ይቀመጥ፤ ማንኪያውን ውሰጂ።»

ዊልማ ማንኪያውን አሰበች። ለሻይ ቆንጆ ነው። ግን በየዓመቱ አንድ ማንኪያ ይሰጣል፤ ስም አንድ ነው። መግፊያ ዱላዋን አወጣች፣ ለባንዲራው ጀርባዋን ሰጠች፣ ኳሱን ወደ ቁልቁለቱ ገፋችው። ኳሱ ቀስ እያለ ተንከባለለና ጓዳው ውስጥ ጠብ አለ።

«ምን ነካሽ፣ ሴትዮ!» ጮኸች ሞራግ።

«ቤቴ ልግባ ብዬ ነው።»

ወርዳ ስታይ ኳሱ ግድግዳው ሥር ተወሽቋል። በዚያው፣ በአሥራ አንዱ ምት ቦታ። ስድስት ወር የለፋችበት ሹልክታ እዚህ አይሠራም። ወደ ፊት ብትመታ ግድግዳው ይመልሰዋል፤ ይህን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቀና ብትል ዱጋልን ከመንገዱ ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመው አየች። ጣታቸውን ብቻ አንሥተው አንድ ጊዜ በአየር ላይ አዞሩ።

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች ልጅ ሆነች። ከዚያ ዞረች፤ ግድግዳውን ከጀርባዋ አደረገች፣ መታችው። ኳሱ ዝቅ ባለው በኩል ዘሎ ሣሩ ላይ አረፈ።

«ወደ ኋላ እኮ ነው ያወጣሽው!» አለች ሞራግ።

«ውጪ አልሽኝ እንጂ በየት በኩል አላልሽም።»

ሞራግ ሄዳ ሰሌዳውን ያዘች። ሳበች፤ እንቢ አለ። ዊልማ በበኩሏ ጉድጓዱ ዳር የተቀመጠውን የአሸዋ መጥረጊያ አንሥታ፣ ደንቡ ነውና ዱካዋን ከአሸዋው ላይ አጠፋች፤ ጓዳዋን ለመጨረሻ ጊዜ ጠረገች። ወጥታም የባሏን እህት በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ነቀለችው። የቀረውን ጨዋታ ሁሉ በብብቷ ይዛው ተጫወተች፤ ሰሌዳ ታቅፎ መጫወት ምን ያህል እንደሚከብድ ውጤቱ መሰከረ። ማንኪያው ለሞራግ ሰባተኛ ሆነ።

ሰሌዳው ዛሬ የዊልማ ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ ሐዶክ ትሰነጥቅበታለች። ቢላዋው ጽሑፉን በልቶት «ጓዳ» የሚለው ብቻ ቀርቷል።