የቀኝ ወንበር ዝምታ

የሰርቪሱ ሹፌር ጉቱ የጋቢናውን በር ከፍቶ ቆመና ሁለቱን አብራሪዎች ተራ በተራ አየ።

«እኔን አትዩኝ» አለ። «የደረጃ ለውጡ ለዚች መኪና አልተነገራትም። እሷ የምታውቀው ትልቅ ሰው ፊት፣ ልጅ ኋላ ነው።»

አማኑ ሳቀ። ተክለሃይማኖት አልሳቁም።

«ፊት የካፒቴኑ ነው» አሉና ጎንበስ ብለው ከኋላ ገቡ።

«ኧረ ጋሼ፣ እባክዎ፣ እንዲህማ አይሆንም።»

«ይግቡ ካፒቴን። ይረፍድብናል።»

አማኑ ገባ። መኪናው አዳማን ለቆ ወደ ቆቃ ሲያመራ፣ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ገና በጠዋቱ በፍጥነት ይዞሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አማኑ ይህን ጮክ ብሎ ይናገረው ነበር። ሽማግሌውም ማየታቸው አይቀርም።

አማኑ የደራ ልጅ ነው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። ተክለሃይማኖት እሱ ገና ተማሪ ሳለ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ሰማይ ላይ ካፒቴን ነበሩ። ይሠሩበት የነበረው ኩባንያ ሶደሬ በረራ ይባል ነበር። አምና የአማኑ ኩባንያ ቦሰት አቪዬሽን ገዛውና ሁለቱ አንድ ሆኑ። ውህደቱ በተበሰረ ቀን ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሡ። በሳምንቱ የአብራሪዎቹ ቀደምትነት እንዴት እንደሚቆጠር ተነገረ፤ በቦሰት ከተቀጠሩበት ቀን ጀምሮ። የሶደሬ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጀንበር አዲስ ተቀጣሪ ሆኑ። ከግራ ወንበር ወደ ቀኝ፣ ከካፒቴን የሰዓት ክፍያ ወደ ረዳት አብራሪ ክፍያ ወረዱ። የሶደሬ ሰዎች ያቀረቡት ክስ ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደረባል።

አማኑን የሚያስፈራው ግን ክሱ አልነበረም። የሚያስፈራው ከኢተፋ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው።

ኢተፋም የሶደሬ ካፒቴን ነበር። ከወር በፊት በቀኝ ወንበር ተቀምጦ ሊያርፉ ሲሉ፣ «ነፋሱ ልክ አይደለም፣ አትረፍ፣ ተነሥ» ብሎ እጁን የሞተሩ ማንሻ ላይ አሳረፈ። በግራ የተቀመጠው ወጣቱ ካፒቴን ሚኪያስ መልሶ ወደ ላይ ተነሣ፣ ዞሮ በሰላም አረፈ። ከዚያ ለኩባንያው ከሰሰው። ኩባንያው ኢተፋን «ከደረጃው ውጭ በካፒቴን ሥልጣን ጣልቃ ገብቷል» ብሎ ከሥራ አገደው። ከዚያ ወዲህ የሶደሬ ሰዎች ደንቡ ከሚያዛቸው በላይ አንድ ቃል አይጨምሩም። አንብቡ ሲባሉ ያነባሉ፣ ቁጥር ይጠራሉ፣ ዝም ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት፣ ሰርቪሱ ሳይመጣ፣ የአማኑ ሚስት እንቁ ቁርስ አቅርባ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

«ጥርስህን ስታፋጭ ነው ያደርከው» አለችው። «ሰውየውን ነው የምትፈራው ወይስ መብረሩን?»

«ዝም ማለታቸውን ነው። አንድ ቀን እኔ የማላየውን እሳቸው ያያሉ። አይተው ዝም ይላሉ። ከኋላችን ደግሞ ሰው አለ።»

«ጠይቃቸዋ።»

«ምን ብዬ? አባቴን የሚያህል ሰው ‹ስሳሳት ይነግሩኛል ወይ› ልበል? ወንበራቸውን ወስጄ፣ ደግሞ ይጠብቁኝ ልበል?»

«አዎ። ልክ እንደዚሁ በል።»

አልቻለም። በሰርቪሱ ውስጥም፣ ቆቃ ያለው የአውሮፕላን ሜዳ ላይም፣ ወደ ጂንካ ሲበሩም ልጠይቅ ብሎ ይተወው ነበር። ይልቅ ሌላ ነገር አሰበ። ለእንቁ ቢነግራት ትጮህበት ነበር።

ጂንካ ላይ አሥራ አንድ የጤና ባለሙያዎች ይዘው ለመመለስ ተዘጋጁ። ፎዚያ የምትባል የወለንጪቲ ነርስ መሰላሉ ላይ ቆማ ወደ ፊት አሻግራ አየቻቸው።

«ሁለታችሁም ነቅታችኋል አይደል? አንዳችሁ ብታንቀላፉ ሌላችሁ ይቀስቅስ፣ አደራ!»

ሰው ሳቀ። አማኑ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ አልታዘዘውም።

ሰማዩ አቧራ የተነፋበት ይመስል ነበር። በስተግርጌያቸው ሻላ ጥቁር ሰማያዊ፣ ላንጋኖ ቡናማ፣ ዝዋይ ግራጫ ሆነው አለፉ። ነፋሱ ከጎን ይመታቸው ጀመር። ተክለሃይማኖት በየጊዜው የሚጠራውን ቁጥር ይጠራሉ፣ አማኑ ይመልሳል። ከዚያ ውጭ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

ለማረፍ ሲቃረቡ ካፒቴኑ «የማረፊያ ዝርዝር» ብሎ ያዝዛል፤ ያኔ ረዳቱ አንድ በአንድ ያነባል። ካፒቴኑ ቢረሳ ረዳቱ ማስታወስ ይችላል ይባላል። ከኢተፋ በኋላ ግን ማስታወስ የት ጋ አልቆ ጣልቃ ገብነት የት ጋ እንደሚጀምር የሚያውቅ የለም። በዝርዝሩ ውስጥ ዋናው ፍላፕ ነው፤ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚወርደው ቅጥያ። እሱ ከወረደ አውሮፕላኑ በዝግታ መብረር ይችላል። ሳይወርድ በዝግታ የበረረ ይወድቃል።

አማኑ ያሰበው ይህን ነው፤ ገና ሩቅ ሳሉ፣ ገና ከፍታ ሳላቸው፣ ዝርዝሩን ሳያዝዝ ጥቂት መጠበቅ። ከተናገሩ በረጅሙ ይተነፍሳል። ካልተናገሩ ራሱ ያዝዛል፤ ግን ከዚያ በኋላ ዝም እንደሚሉ ያውቃል።

የቆቃ ሐይቅ ከፊት ታየ። ማዘዝ የነበረበት ቦታ አለፈ። አማኑ ዝም አለ።

በዓይኑ ጠርዝ አያቸው። ተክለሃይማኖት የዝርዝሩን ካርድ ከጎን ኪስ አወጡና ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጠቋሚ ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፉ። ጠበቁ።

ያውቃሉ። ጣታቸው እዚያው ላይ ነው፣ ያውቃሉ፣ አይናገሩም። አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩት፤ እሱ ፊት ለፊቱን አየ። መልሰው ወደ ሐይቁ ዞሩ።

በቃ ብሎ ሊያዝዝ አፉን ሲከፍት ወፎቹ ተነሡ። ከሐይቁ ዳር፣ ትልልቅ ነጭ ወፎች፣ እንደ ተጎተተ አንሶላ በአንድ ላይ ከፊታቸው ተዘረጉ። አማኑ ወደ ግራ አጋደለ። አንድ ክንፍ በመስኮቱ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ። ከኋላ ሰው ጮኸ። ነፋሱ ገፋቸው፣ ሜዳው ከዓይኑ ጠፋ፣ እንደገና ተገኘ። አማኑ አቅጣጫውን ሲያስተካክል እጁ የለመደውን ሠራ፤ የሞተሩን ጉልበት ቀነሰ፣ አውሮፕላኑን ወደ ማረፊያ ፍጥነት አወረደ። ያልታዘዘው ዝርዝር ከአእምሮው ተኖ ነበር። ፍላፑ የወረደ መስሎታል።

«ፍጥነት» አሉ ተክለሃይማኖት። ይህ ደንቡ የሚፈቅደው ቃል ነው።

«እያየሁት ነው።»

«ፍጥነት።»

አማኑ የፍጥነት መለኪያውን አየ። ሁልጊዜ በዚህ ቦታ የሚሆንበት ላይ ነው። ልክ ነው። ታዲያ ለምን ይደግማሉ? ሊያስደነግጡት ነው? መሪው በእጁ ውስጥ ላላ፤ ውኃ ውስጥ የገባ ዱላ ይመስል ነበር። ከጣሪያው በኩል አውሮፕላን ሊወድቅ ሲል የሚሰማው የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ጮኸ።

አንድ እጅ በእጁ ላይ ወደቀ።

«ነዳጅ ስጥ! አፍንጫውን ዝቅ! ፍላፕ የለህም! አማኑ፣ ፍላፕ የለህም!»

ማንሻውን ሁለቱም አብረው ገፉት። አውሮፕላኑ ቁልቁል ተንሸራተተ። የሽንኩርት ማሳ ወደ መስታወቱ መጣ፤ ውኃ የሚያጠጣ ሰው አካፋውን ይዞ ቀና አለ። አማኑ የሰውየውን ፊት አየ፣ አፉ ክፍት ነበር። ከዚያ ሞተሩ ጎተተ። ማሳው ቀስ ብሎ፣ እጅግ ቀስ ብሎ፣ ከሥራቸው ሸሸ።

ዞሩ። ከኋላ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«የማረፊያ ዝርዝር» አለ አማኑ።

ተክለሃይማኖት አነበቡ። ፍላፑ ወረደ፤ አረፉ።

መሬት ላይ ሆነው ሰው ሲወርድ ፎዚያ የተክለሃይማኖትን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ካፒቴን፣ አላህ ይስጥልን። ወፎቹን እኮ በዓይናችን አየናቸው!»

«ካፒቴኑ እሳቸው ናቸው» አሉ።

አማኑን አየች፣ መልሳ የተክለሃይማኖትን ሽበት አየች። «እንግዲያው ሁለታችሁንም» ብላ ሄደች።

በክንፉ ጥላ ሥር ብቻቸውን ቀሩ።

«አውቀህ ነው?» አሉት።

«አውቄ ነው የጀመርኩት። መጨረሻው አውቄ አይደለም፤ ረሳሁት። ይናገሩ እንደሆነ ለማየት ፈልጌ ነበር።»

ተክለሃይማኖት ወደ እሱ ዞሩ።

«እኔ ደግሞ ልታስከስሰኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ተናግሬ እንደ ኢተፋ እንድታገድ ያጠመድከኝ። ሁለት ጊዜ ‹ፍጥነት› ስልህ ምን እያሰብኩ እንደነበር ታውቃለህ? ጠበቃዬን። መሬቱ እየመጣ፣ እኔ ጠበቃዬ ምን ይለኛል እላለሁ።»

«እኔም ሆን ብለው የሚጥሉኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔስ የት ልቀር ነበር፣ አንተ ሞኝ?»

ሊስቁ ነበር፤ የአማኑ ስልክ ጠራ። የበረራ ክፍሉ ኃላፊ ደሊል ነው። ተክለሃይማኖት ስሙን ሲያዩ ክንዱን ያዙት።

«ወፎቹ በል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወፍ ነበረ፣ ውሸት አይደለም። ማንሻውን መንካቴን አታንሣ።»

አማኑ ስልኩን አነሣ።

«ሳታርፍ ተነሥተህ ዞረሃል አሉኝ» አለ ደሊል። «ምን ሆናችሁ?»

«ወፍ ነበረ።» አማኑ ቆመ። ወፍ ነበረ ብሎ ቢዘጋው ሁሉም ያልቅ ነበር። ነገም አንድ ሰው ጣቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። «ግን በወፍ አይደለም። ዝርዝሩን ሆን ብዬ ሳላዝዝ ቆየሁ፣ ከዚያ ረሳሁት። ፍላፕ ሳላወርድ ነው የመጣሁት። ጋሼ ተክሌ ባይጮሁ፣ ማንሻውን ባይገፉ፣ አሁን አላናግርህም ነበር።»

ደሊል አንዷን ቃል ያዘ።

«ማንሻውን ገፉ?»

«አብረን ገፋነው።»

«በስልክ አትጨምር። ነገ ሁለታችሁም አትበሩም። ለየብቻ ትጠየቃላችሁ።» ተዘጋ።

ተክለሃይማኖት መሰላሉ ላይ ተቀመጡ።

«ምን አደረግህ?» አሉ። «ሁለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አለኝ።»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«ኢተፋም የተናገረው እውነት ነበር።»

ነፋሱ የሜዳውን አቧራ እያነሣ ወደ ሐይቁ ይነዳው ነበር። ከደቡብ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ፤ የሚኪያስ አውሮፕላን ነው። በቀኙ የተቀመጠው ሆራ ነው፣ የሶደሬው ሆራ፣ ከኢተፋ መታገድ በኋላ ሰላምታ እንኳ በቁጥር የሚሰጥ።

ተክለሃይማኖት ከመሰላሉ ተነሡ። ሁለቱም አቧራው ውስጥ የሚመጣውን አውሮፕላን ክንፍ ጀርባ ይፈልጉ ጀመር።

«ፍላፑ ወርዷል?» አለ አማኑ።

ሽማግሌው እጃቸውን ከቅንድባቸው በላይ አድርገው ቆዩ።

«ገና አልታየኝም» አሉ።